ከእንሰቱ ጀርባ የታየው ጫማ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ላይ ከገበያው በታች ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዝናቡ ድንገት ስለጀመረ ማን እንደተቀመጠ እንኳ ሳላይ ነው የገባሁት፤ ጃንጥላዬን አጥፌ ጠርዙ ላይ ተለጠፍኩ። መሃል ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ የዘረጋች ወጣት አለች፣ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው ያወራል፣ ልጅቷ ትጽፋለች። «እኔ እንግዲህ የሴቶቹን ብሶት ለመስማት ብዬ እንሰት የሚፋቅበት ድረስ ሄጃለሁ። እንሰቱ ስር ቆሜ አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ይህን የሚደፍር ወንድ አልነበረም፤ ይሄን ጻፊው» ይላታል። ድምፁን ጆሮዬ ሳይለየው ሆዴ ለየው። ቀና ስል እሱ ነው። ሸብቷል፣ ጥርሱ ሳስቷል፣ ጫማው ግን ዛሬም ጥቁር ነው፣ ዛሬም ይብለጨለጫል። እሱም አየኝና ምንም ሳይከብደው «ይቺውልሽ ምስክሬ፤ ያኔ ጥናቱን አብረን የሠራነው ከመምህርት ጋር ነው» አላት።

አብረን አለ። ይህችን ቃል ለመዋጥ ስታገል ባጃጁ ዳገቱን ጀመረ። መዋጥ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ስሙን አልጠራም። የሞተ ቢሆን ነፍስ ይማር ብዬ እጠራው ነበር፤ በሕይወት ያለ ሰው ግን ስሙ በጽሑፍ ሲወጣ ደስ ይለዋል፣ እሱን ደግሞ ደስ እንዲለው አልፈልግም። ኃላፊው እለዋለሁ፤ ያኔም ሰው ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እናቴም ብትኖር አትፈርድብኝም።

ያኔ የማስተምረው ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልክ ደውለው ሲያወሩ ደካ ቅርብ ይመስላቸዋል። እኛ ከቦንጋ ደካ ለመድረስ አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተጭነን፣ ጭቃው መኪናውን ሲይዘው ወርደን እየገፋን፣ ስንደርስ እናታችንም የማትለየን ሆነን ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው። የመምህር ደሞዝ ትንሽ ብትሆንም ከወር ወር ታደርስ ነበር፤ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ገዝቶ እቤት ማስቀመጥ የሀብታም ወግ አልነበረም። እኔ ክርኗ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ ነበረችኝ፣ ጂማ ላይ ተከራክሬ የገዛኋት፤ ለክፍልም ለቤተ ክርስቲያንም ለግምገማም የምለብሰው እሷኑ ነው። መኪና የሚቆምበት ጋ ከወሎ የመጡ የሐጂ ሱቅ ነበር። ያላቸው አንድ ካሴት ብቻ ይመስል ጠዋትም ማታም ያንኑ ያስደምጡን ነበር፤ የቴፑ ባትሪ ሲደክም የዘፋኟ ድምፅ እየተጎተተ ሄዶ ሄዶ የወንድ ይሆናል። ያኔ ሐጂ ባትሪዎቹን አውጥተው በረንዳው ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋል፤ ፀሐይ ከወጣ ማለቴ ነው፣ አገሩ ዝናብ የማይለቀው ጌሻ ነውና። ዛሬ ያ ዘፈን ቦንጋ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ሰዎች ይወዛወዛሉ። እኔ የሚሰማኝ ግን በሚጎተተው ድምፅ ነው፣ ደስም አይለኝም፣ ቶሎ አልፌ እሄዳለሁ።

መንግሥት መምህራንን በክረምት ዲግሪ ያስተምር ነበርና እኔም ገባሁ። የመጨረሻው ዓመት ላይ ጥናት መሥራት ግድ ነው። ጀንደር የሚባለው ነገር ያኔ ገና ትኩስ ነበር፤ በየስብሰባው ይጠራል፣ በተጠራ ቁጥር ወንዶቹ ይተያዩና ይስቃሉ፣ ሳቁ ሲያልቅ ስለ ማዳበሪያ ይወራል። አማካሪ ተብሎ የተመደበልኝ በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የመጣ፣ ጫካ ረግጦ የማያውቅ፣ ማር ከነጠርሙሱ የሚበቅል የሚመስለው። ላጠና የፈለግሁትን ነገርኩት፦ ባል ሲሞት ቀፎው የማን ነው? «ይሄ ጥያቄ ነው እንጂ ርዕስ አይደለም» አለኝ። እሱ ያወጣልኝ ርዕስ ተሳትፎም ነበረበት፣ ተጠቃሚነትም ነበረበት፣ ተግዳሮትም ነበረበት። ቀፎ ግን አልነበረበትም።

ቀፎ በእኛ በኩል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ወንዱ ቀፎውን ሠርቶ ጫካ ይገባና ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ዛፉ የማን እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ አጥር የለውም፣ ማንም ግን አይነካውም። ሴት ዛፉ ላይ አትወጣም። ማሩን ከጫካ ተሸክማ የምታወጣው፣ የምታጣራው፣ ገበያ ወስዳ የምትሸጠው ግን እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ታዲያ «ያልወጣሽበት ዛፍ ምንሽ ነው?» ትባላለች። እትዬ አስካለን ያወቅኋት እንዲህ በተባለች ሰሞን ነው። ከደካ በእግር የሚደረስ መንደር ትኖር ነበር፤ ልጇ እኔ ክፍል ተማሪ ናትና አንድ ቀን ደብተር የለኝም ስትለኝ ለምን ብዬ ብጠይቃት ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። የሟቹ ወንድም «ዛፉም ቀፎውም የእኔ ነው፣ ለወንድሜ ያዋስኩት ነው» ብሎ ቀፎዎቹን በሙሉ ወስዷቸዋል። አስካለ ለቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ከሳለች፣ ምስክር አምጪ ተብላለች። ያለ ማሩ ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልነበራትም። ነገሩ ይኸው ነው፤ አማካሪዬ ቲዎሪው ምንድን ነው እያለ ነዘነዘኝ እንጂ ከዚህ የበለጠ ቲዎሪ የለውም።

ገጠር ገብቶ ሰው ለመጠየቅ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው የወረዳው ኃላፊ የነበረው እሱ ነው። ያኔ ጎልማሳ ነበር። ካኪ ጃኬት፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ ጭቃ በማይደርቅበት አገር ጥቁር የቆዳ ጫማ። ሰው ሁሉ ቦቲ አድርጎ ሲሄድ እሱ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል፤ ባለጉዳይ ጨርቁ እስኪታጠፍ ይጠብቃል። ገባሁና ጉዳዬን ነገርኩት። «ጥሩ ነው፤ ሴቶቻችን ተጠቃሚ መሆናቸውን የሚያሳይ ጥናት ያስፈልገናል» አለኝ።

«ተጠቃሚ መሆናቸውን ገና ልጠይቃቸው ነው» አልኩት።

«ጠይቂ። ግን እኔ በሌለሁበት ውይይት አይካሄድም። የተዛባ አመለካከት የሚያራግቡ አሉ» አለና ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን ሴቶቹ የቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ እሱ ተናገረ፤ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች፣ ሴቶችን ወደ ኋላ ስለጎተቱ ኋላቀር እምነቶች፣ እነሱን ከሥር መሰረታቸው ስለመንቀል። ብዙ ነቀለ። ከዚያ ለስላሳ ታደለና ጥያቄው ለእኔ ተሰጠኝ። በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ «ባል ሲሞት ቀፎው ለማን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም እሱን አዩትና «እኩል ነን» አሉ። ሌላ ጠየቅሁ፣ ያንኑ መለሱ። አስካለ ራሷ፣ ቀፎዋን የተቀማችው ሴት፣ መሬት መሬቱን እያየች «እኩል ነን» አለች። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ማስታወሻ ያዘ። እኔ እቤቴ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ።

መላውን ያመጣችው አለሚቱ ናት፤ የሟቹ ወንድም ሚስት፣ ማለትም የዚያው የቀማኛው ሚስት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ «መምህርት፣ ነገ አስካለ ጓሮ እንሰት እንፍቃለን፣ አንቺም ነይ» አለችኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ይገባዋል። እንሰት የሚፋቀው በሴት ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሳንቃው ላይ ሰቅለው፣ እስከ ክርናቸው ጭማቂው ውስጥ ገብተው ነው የሚሠሩት፤ እዚያ ወንድ አይደርስም፣ ነውር ነው። ባል እንኳ ውሃ ቢጠማው ከሩቅ ተጣርቶ ነው የሚለምነው። ቀርቦ የተገኘ ወንድ ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ሆኖ ይቀራል።

ኃላፊው ግን እኔ በሌለሁበት አይካሄድም ብሏልና ወሬው ደርሶት መጣ። ጓሮው ጋ ሲደርስ እግሩ አልታዘዘውም። አዳራሽ ውስጥ ልማድ ሲነቅል የዋለ ሰው እንሰቱ ጋ ሲደርስ እንደ አያቱ ቆመ። ልግባ እንዳይል ነውር፣ ልሂድ እንዳይል ጆሮው አልቻለም፤ ከሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ጀርባ ተሸሸገ። ከላይ ቅጠሉ ሸፍኖታል፣ ከታች ግን ያ ጥቁር ጫማ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየችው አለሚቱ ናት። ጎሸም አደረገችኝና በአገጯ አሳየችኝ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዝም ይላሉ ብዬ ነበር፤ እነሱ ጭራሽ ድምፃቸውን ጨመሩ። እሱ ፊት ለፊት ካለ አይናገሩም፣ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ቢናገሩ የትም አይደርስም፤ ያን ቀን ነበረም፣ አልነበረምም። አንዷ የአባቷን ጫካ ወንድሞቿ እንዴት እንደተካፈሉት አወራች። ሌላዋ ማሩን ተሸክማ ገበያ ወርዳ ባሏ ገንዘቡን ከእጇ እንዴት እንደሚቀበላት አወራች። መጨረሻ ላይ አለሚቱ የቀርከሃ መፋቂያዋን አስቀምጣ ወደ ጫማው ዞረች። ኃላፊው ካፊኖኖ እንደ ማናችንም ይሰማል፤ እሷ ግን መንግሥት የሚሰማው በአማርኛ ነው ብላ ታምናለች፣ ያላት አማርኛ ደግሞ የገበያ ነው። «ቀፎ የእኔ ባል አይደለም፣ የሟች ነው» አለች። «ሟች ሲሰቅል እኔ እንጨት ለቅሞ አይቻለሁ። የእኔ ባል ወገብ ታመመ፣ ዛፍ አይወጣም። ቀፎ የአስካለ ነው።» ጫማው አልተነቃነቀም። አስካለ ፊቷን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔ ይህች ሴት ዳነች አልኩ በልቤ።

ማህበራዊ ፍርድ ቤቱ የተቀመጠው ቀበሌው በረንዳ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን በተዋሱት አግዳሚ ላይ ሽማግሌ ዳኞች ተደርድረዋል። እኔም አረንጓዴዋን ሹራቤን ለብሼ ቆሜ የሰማሁትን ተናገርኩ። የመሃል ዳኛው «መምህርት፣ ቀፎው ሲሰቀል በዓይንሽ አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም። «እንግዲያው የሴት ወሬ ነው የሰማሽው፤ ተቀመጪ» አሉኝ። አለሚቱን ጠየቋት። ባሏ ዱላውን ተደግፎ አጠገቧ ቆሟል፤ ዱላውን አየችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። እሷን አልወቅሳትም፣ ማታ የምትገባው እሱ ቤት ነው። ያን ጊዜ አስካለ ተነስታ «ወንድ ምስክር አለኝ» አለችና ዳር ቆሞ ችሎቱን ወደሚከታተለው ኃላፊ ዞረች። «እንሰት ስንፍቅ አለሚቱ የተናገረችውን ሰምተዋል። ያን ብቻ ይናገሩልኝ» አለችው።

ከእሱ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር። ዳኞቹ ይፈሩታል፤ ሰምቻለሁ ቢል ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር። ከኋላ አንዱ «እንሰት ስር?» ብሎ ጎረቤቱን ነካ አደረገው። ፈገግታው ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። አንገቱን አቀናና «እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ፤ እንሰት የሚፋቅበት ምን እሠራለሁ? እዚያ አልነበርኩም፣ የሰማሁትም ነገር የለም» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በእሱ አይደለም፣ በአስካለ ነው። ቀፎዎቹ ለወንድምየው ተፈረዱለት። እኔ ጫማውን ነበር የማየው፤ ጭቃው ታጥቦ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ እንደ አዲስ ሆኗል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ባጭሩ ልንገር፣ ሳስበው ያመኛልና። አለሚቱን ባሏ ምን ብለሽ ኖሯል ብሎ አባረራት፤ አሁን ቢታ ገነት ከልጇ ጋር ትኖራለች ሲሉ ሰምቻለሁ። የአስካለ ልጅ ትምህርቷን አቁማ ሰው ቤት ተቀጠረች። እኔ ጥናቴን ጻፍኩ። ቦንጋ ድረስ መጥቼ ኮምፒውተር ላይ አስተየብኩት፣ ፍሎፒውን በፌስታል ጠቅልዬ ከሹራቤ ውስጥ ደብቄ ዝናብ ሳይነካው አደረስኩት። አማካሪዬ አነበበና «ምዕራፍ አራት ላይ ጫማ ምን ይሠራል?» አለኝ። ነገርኩት። «የእንሰቱ ውይይት ወንዶች ያልተሳተፉበት ስለሆነ ባያስ ነው፣ ያዳላል። አውጪውና የአዳራሹን ተጠቀሚ፤ እሱ በሥርዓቱ የተካሄደ ነው» አለኝ።

«ወንድማ ተሳትፏል፤ ጫማውን ጽፌልሃለሁ» አልኩት።

አላወጣሁትም። ሲ ሰጠኝ። ኤ ያመጣሁባቸው ትምህርቶች ስማቸው እንኳ ጠፍቶኛል፣ ያቺን ሲ ግን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። የአዳራሹ «እኩል ነን» ደግሞ በኃላፊው ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ተጨበጨበለት፤ ብዙም ሳይቆይ አድጎ ቦንጋ ገባ። ዛሬ ጊዜው ተገለበጠና እንሰት ስር መቆም የሚያስከብር ነገር ሆነ። በነፃ ሲሆን ሰማሁ ለማለት ማን ብሎት።

ወደ ባጃጁ ልመለስ። ልጅቷ ሕይወት ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ የመመረቂያ ጥናቷ ስለ ሴቶችና ስለ ጫካ ንብረት ነው። ቁልፍ መረጃ ሰጪ ብለው የጠቆሟት እሱን ነው። እሷ ምን ታድርግ። «እትዬ፣ እርስዎም ነበሩ?» አለችኝ።

«ነበርኩ የኔ ልጅ። ሰማሁ ያሉሽን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያው በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው ምን እንዳሉ ጠይቂያቸው።»

ልጅቷ በቅን ልቦና ዞራ «ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ምን አሉ?» አለችው። ሾፌሩ እንኳ በመስታወቱ አየው። «ያን ጊዜ እኮ ሁኔታው ሌላ ነበር፤ ከነባራዊው ሁኔታ ነጥሎ ማየት ጥሩ አይደለም» አለ፤ ቀጥሎም «ወራጅ አለ»። ዳገቱ ገና አልተጋመሰም፣ ዝናቡም አላባራም። ጥቁሩን ጫማ ውሃ የያዘ ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሕይወትን «ጊዜ አለሽ?» አልኳት፤ አለኝ አለች። ይዣት ከመናኸሪያው ጀርባ አስካለ ጋ ሄድኩ። ያቺ ትምህርት ያቋረጠች ልጇ እናቷን አምጥታ ታኖራታለች፤ ከገጠር የመጣ ማር በባልዲ ገዝታ ትቸረችራለች። አስካለ የሰው ማር መሃል ተቀምጣ ትውላለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ባጃጅ ውስጥ የሆነውን ስነግራት እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ሰምቻለሁ አለ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ሳይደበቅ? ሰው ፊት?» አዎ። «እስቲ ጥሩልኝ» አለች።

ሕይወት ደወለችና ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ለአስካለ አስጨበጠቻት። ወዲያው አነሳ። «አቤት ልጄ፣ በሰላም ደረስሽ? የቀረ ጥያቄ አለ?» አለ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ።

«እኔ ነኝ፣ አስካለ፣ የጌሻዋ» አለች። ችሎት ላይ እርስዎ ያለችው ሴት ያን ቀን አንተ አለችው። «ያኔ ሰምተሃል አሉ። ለእኔም በለኝ፣ ሰምቻለሁ በለኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ትንፋሹ ይሰማናል፣ ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ሳይቀር ይሰማናል። ከዚያ «ሃሎ? ሃሎ?» አለ። «አይሰማም። ሃሎ፣ ምንም አይሰማም።» ስልኩ ተዘጋ።

አስካለ ስልኩን ለሕይወት መለሰችላት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና «ጻፊ ልጄ» አለቻት፤ «ዛሬም አልሰማሁም ብሏል።»